የዕውቀት ሚዛን በሐይቅ ዳር፤ ለዩኒቨርሲቲ ምርምር የሚወጣው ገንዘብ ስለሚለካበት መንገድ የቀረበ ሂስ

በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለተቋቋሙ የምርምርና የማሠልጠኛ ማዕከሎች ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ፣ የውጭ መንግሥትም ይሁን ባንክ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ገንዘቡ ምን ፍሬ እንዳስገኘ ለማወቅ መሻቱ ተገቢ ነው። ዘር የሰጠ ሰው ስለ አዝመራው ቢጠይቅ የሚነቅፈው የለም። ነቀፌታ የሚነሣው አዝመራው በምን ቁና እንደሚሰፈር በሚወሰንበት ጊዜ ነው። ቁናውን የሚያበጀው ሰጪው ብቻ ከሆነ፣ በቁናው የማይሰፈረው ሁሉ እንዳልበቀለ ይቈጠራል፤ ገበሬውም ውሎ አድሮ ለቁናው የሚስማማውን ብቻ መዝራት ይጀምራል። እዚህ የሚመረመረው ይህ የመለካት ልማድ ነው፤ ለምርመራውም ዋና ምሳሌ የሚሆነው በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጠቀሱት በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐዋሳ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ የተቈረቈረችው በ1960 ግድም ሲሆን ቦታው ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን የወሰደችው ከሐይቁ ነው፤ ትርጓሜውም በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ውኃ ማለት ነው። ከ2020 ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። ከፍተኛ ትምህርት ወደዚህ የመጣው በ1976 የእርሻ ኮሌጅ ሲከፈት ነው፤ በ1978 ደግሞ ከከተማዋ ብዙ በማይርቀው በወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሁለቱ ከዲላው የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋሕደው በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ በ2006 ዲላ ለብቻው ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሐዋሳው የአሁን ስሙን ያዘ። በእነዚህ ዓመታት ስዊድን በወንዶ ገነት የደን ትምህርት፣ ኖርዌይ በእርሻና በጤና ጥናት፣ ካናዳ በጥራጥሬ ምርምር ገንዘብና መምህራን አቅርበዋል። እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን ዘመን፣ የራሱን ሪፖርትና የራሱን መለኪያ ይዞ ስለ መጣ አንዱ ተቋም በሦስት በአራት ቁና ተሰፍሮአል፤ ከዚህ የተነሣ ለንጽጽር ይመቻል።

መለኪያው ራሱ ታሪክ አለው። በ1961 በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤም ሆነ በ1962 በታናናሪቭ ስለ ከፍተኛ ትምህርት የተደረገው ጉባኤ አብዝተው የተነጋገሩት በሰው ቍጥር ነበር፤ አዲስ ነጻ የወጡት አገሮች ስንት ሐኪም፣ ስንት መሐንዲስ፣ ስንት መምህር ያስፈልጋቸዋል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድም ነበርና። በዚያው ዘመን በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ግን ሌላ ዐይነት ሚዛን ይዞ ተነሣ። ሥራው ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ለገበሬው ማዳረስ ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኮሌጁ እንደ ጐደለ የሚቈጠር ነበር። በ1963 የማዳረሱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ይህ ዝውውር በአስተዳደር ረገድ ምክንያት አላጣም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው «ምርምርህ ገበሬው ዘንድ አልደረሰም» ተብሎ በተወቀሰ ቍጥር፣ የሚያደርስበት እግር በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ መሆኑ እየተረሳ ይኸው ወደ ስድሳ ዓመት አለፈው።

በ1980ዎቹ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ሚዛን መጣ፤ ይኸውም የትርፍ ስሌት ነው። የዓለም ባንክ የትምህርት ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆርጅ ሳካሮፑሎስ ከብዙ አገሮች አኃዝ ሰብስበው፣ በአፍሪካ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የወጣ ገንዘብ ለኅብረተሰቡ የሚመልሰው ትርፍ ለዩኒቨርሲቲ ከወጣው እንደሚበልጥ አሳዩ። ስሌቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የምሩቁ ደመወዝ ካልተማረው ሰው ደመወዝ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይታያል፤ ልዩነቱም ለትምህርቱ ከወጣው ወጪ ጋር ይመዛዘናል። በዚህ አሠራር ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የምሩቃን ዋና ቀጣሪ መንግሥት ነበር፤ ደመወዛቸውንም የሚወስነው የመንግሥት የደመወዝ እርከን እንጂ ገበያ አልነበረም። እንግዲህ ስሌቱ የለካው የትምህርትን ዋጋ ሳይሆን የደመወዝ እርከኑን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከወንዶ ገነት የወጣ የደን ባለሙያ አንድ ተራራ ከመራቈት ቢያድን፣ የተራራው ዋጋ በደመወዙ ውስጥ በአንድም በኩል አይገባም። ሌላም ነገር አለ፤ ያንደኛ ደረጃውን መምህር የሚያሠለጥነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ያም ሆኖ በዚህ አኃዝ ምክንያት ለብዙ ዓመታት የዓለም ባንክና አያሌ ለጋሾች ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እጃቸውን አጠፉ። በ2000 ባንኩና ዩኔስኮ የሰበሰቡት ከፍተኛ ጓድ ይህን አመለካከት ነቅፎ ሪፖርት እስካወጣ ድረስ ነገሩ በዚሁ ቈየ። አንድ የተሳሳተ መለኪያ የአንድ ትውልድ መምህራን ላቦራቶሪ ባዶ ሊያደርግ መቻሉ ዛሬ መለኪያ ለሚያወጡ ሁሉ ሊታሰባቸው የሚገባ ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። ካርኔጊ፣ ፎርድ፣ ማካርተርና ሮክፌለር ከተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ተነሥቶ ሌሎችን የጨመረው ማኅበር ከ2000 እስከ 2010 በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያ ከዘጠኙ አልነበረችም። በ2014 የዓለም ባንክ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ በ2016 ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የልህቀት ማዕከሎች የሚባሉትን አቋቋመ። የሁለተኛው ዙር 24 ማዕከሎች በስምንት አገሮች ተከፋፍለው ከነዚህ አራቱ ለኢትዮጵያ ደረሱ፤ ሦስቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባቡር ሐዲድ ምሕንድስና፣ በውኃ አስተዳደርና በመድኃኒት ምርምር፣ አንዱ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአየር ንብረትና በእርሻ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ለያንዳንዱ እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦአል። ሐዋሳ ከአራቱ አንድም አልደረሳትም፤ ቢሆንም መለኪያው ማዕከሉ በሌለበትም ይዛመታልና ነገሩ እርሷንም ይመለከታል።

የዚህ አሠራር አዲስነት ገንዘቡ የሚለቀቀው ወጪ ስለ ተደረገ ሳይሆን ውጤት ስለ ታየ መሆኑ ነው። ማዕከሉ ተማሪ ተቀብሎ ሲያስመዘግብ፣ ጽሑፍ በታወቀ መጽሔት ሲያሳትም፣ የትምህርቱ ፕሮግራም በውጭ መርማሪዎች ሲጸድቅ፣ ከሌላ ምንጭ ገቢ ሲያገኝ፣ ያን ያህል ገንዘብ ይለቀቅለታል፤ ቍጥሩንም ገለልተኛ ወገን ያረጋግጠዋል። በመጀመሪያው ዙር ከሌላ አፍሪካዊ አገር የመጣ ተማሪ ከአገሬው ተማሪ የበለጠ ተከፍሎበታል፤ ለሴት ተማሪም ተጨማሪ ታስቦአል። ይህን ሁሉ በጅምላ ማናናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዚያ በፊት መኪና ተገዝቶ፣ ስብሰባ ተደርጎ፣ ደረሰኝ ተያይዞ «ሥራው ተፈጽሞአል» የሚባልበት ጊዜ ረጅም ነበር፤ ደረሰኝ ከመቍጠር ተመራቂ መቍጠር በብዙ ይሻላል። የፕሮግራሞቹ በውጭ መርማሪ መጽደቅም ብዙ የተኛ ሥርዐተ ትምህርት አንቅቶአል።

ነገር ግን ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ብድር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዕዳውን የሚከፍለው የተበዳሪው አገር ሕዝብ ነው፤ ከዚያም ውስጥ እንሰት ተካዩ የሲዳማ ገበሬና ቆጮውን የምትፍቀው ሚስቱ ይገኛሉ። ከፋዩ እርሱ ከሆነ፣ በቁናው አበጃጀት ላይ አንዳች ቃል ሊኖረው ይገባ ነበር። እስከ ዛሬ በየሪፖርቱ የሚታዩት አመልካቾች ግን ተማሪንና መምህርን፣ መጽሔትንና ገቢን ይቈጥራሉ እንጂ፣ ምርምሩ የተደረገበት ሕዝብ ከምርምሩ ምን እንዳወቀ የሚጠይቅ አንድም ዐምድ በመካከላቸው ማግኘት ያስቸግራል።

ጽሑፍ በመቍጠር የሚሠራው ሚዛን የቱን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከእንሰት የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። በ1968 ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴርያ ለይተው በዓለም የዕፀዋት በሽታ መጽሔት ገለጹ። በ1974 ደግሞ ይኸው ተሐዋሲ ሙዝንም እንደሚያጠቃ አንዲት አጭር ማስታወሻ አሳተሙ፤ የወጣችውም በምሥራቅ አፍሪካ የእርሻና የደን መጽሔት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር ማንም ልብ ያላት አይመስልም። በ2001 በሽታው በዩጋንዳ የሙዝ ተክል ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛንያና ኬንያ ተዛመተ። ሙዝ ዕለታዊ ምግባቸው የሆነ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት አገር ሲጨነቅ፣ ሳይንቲስቶቹ የመጀመሪያ መነሻ አድርገው የያዙት ከ33 ዓመት በፊት ስለ እንሰት የተጻፈውን ነው።

እንግዲህ የ1968ቱ ጽሑፍ በአምስት ዓመት ፕሮጄክት ውስጥ ቢለካ ኖሮ ዋጋው «አንድ» ነው፤ የ1974ቱ ደግሞ በአካባቢ መጽሔት ስለ ወጣ በአንዳንዱ ሚዛን «ባዶ» ነው። ስለ ሌላ አገር በሽታ በታላቅ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ መካከለኛ ጽሑፍ በዚያው ሚዛን ከማስታወሻዋ ይበልጣል። መለኪያው ጽሑፉን ከነይዘቱ አያነብም፤ የወጣበትን ሽፋን ያነባል። ለዚህ የሚቀርበው ማመካኛ ይታወቃል፤ ይዘት ለመመዘን ባለሙያና ጊዜ ይፈልጋል፤ መጽሔትን መቍጠር ግን ለጸሐፊም አያዳግትም። ማመካኛው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለመቍጠር የሚቀለውን መርጦ መለካት የለኪውን ድካም ያቀልል እንደ ሆነ እንጂ የሚለካውን ነገር አያሳይም።

ከእንሰት ጋር የእንዶድም ነገር አብሮ ይነሣል። አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያም የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ምርምር መጀመራቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ሥራ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። በ1964 እና በ1989 መካከል ያሉት 25 ዓመታት አብዛኛውን ያለፉት በኢትዮጵያ የተገኘው ውጤት በውጭ ላቦራቶሪ ካልተደገመ አይታመንም ሲባል ነው። የነገሩ ሥር የልብስ አጣቢዎቹ ዕውቀት መሆኑን የሕዝብ ባህል ተማሪዎች አይስቱትም፤ በማናቸውም የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ግን ልብስ አጣቢዎች ተባባሪ ተመራማሪ ተብለው አልተጻፉም።

ወደ ሐይቁ እንመለስ ቢባል ደግሞ ሌላ ነገር ይገኛል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው፤ በመካከል የነበረው ጨለለቃ የተባለው ሐይቅም በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኖአል። ሐይቅ ዳር በሚባለው የከተማው ወገን ዓሣ ማጥመድ፣ ዓሣ መሸጥና መጥበስ የብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ በአሞራ ገደል በየማለዳው ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ሲወርድ ማየት ይቻላል። ከዩኒቨርሲቲው አጥኚዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 እና በ2007 ባሳተሙዋቸው ጽሑፎች፣ በሐይቁ ውስጥ በርበስ ከተባለው ዓሣ ሌላ ዓሣ የሚበላው ብዙ ሜርኩሪ በሰውነቱ እንደሚያከማች፣ አምባዛ ግን ዓሣ በል ሆኖ ሳለ ከተገመተው ያነሰ እንደሚገኝበት ገልጸዋል። ይህ ሳይንሳዊ ዋጋው ከፍ ያለ ግኝት ነው፤ የሜርኩሪው መጠን ዓሣው በሚመገበው ነገር እንደሚለያይ በግልጽ አሳይቶአልና።

በለጋሹ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ሥራ በሁለት መስመር ያልቃል፤ የታተሙ ጽሑፎች፣ የተሰጠ የዶክተርነት ማዕርግ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ሊያስመሰግኑ ይገባል። ሰንጠረዡ የማይጠይቀው ግን እርጉዝ ሴት በአሞራ ገደል ዓሣ ስትገዛ የትኛውን ብትመርጥ እንደሚሻል ማን ነገራት የሚለውን ነው። ይህን መጠየቅ የተመራማሪውን ሥራ ማሳነስ አይደለም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። ተመራማሪው የተጠየቀውን አቅርቦአል። በሲዳምኛና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጋር ተመካክሮ ማውጣት ግን በየትኛውም አመልካች ውስጥ ስለማይቈጠር፣ ማንም ገንዘብና ጊዜ አይመድብለትም። ከጠቅላላው ሥራ በጣም ርካሹ ክፍል ይህ መሆኑን ሲያስቡት ያስገርማል።

ከሌላ ምንጭ የሚገኝ ገቢ የሚለው አመልካችም መመርመር አለበት። ሐሳቡ ማዕከሉ ከለጋሹ እጅ ወጥቶ ራሱን እንዲችል ነው፤ በባቡር ሐዲድ ወይም በመድኃኒት ረገድ ሊሠራ ይችላል፤ የሚከፍል ደንበኛ አለና። በእንሰት ረገድ ግን ደንበኛው ማን ነው? የእንሰትን ዝርያዎች በስም ለይተው የሚያውቁት፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች ለምርምር የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም። ገቢን ከምስጋና ጋር የሚያስተካክል ሚዛን ማዕከሎቹን ቀስ በቀስ ወደሚከፍለው ወገን ይገፋቸዋል፤ ከ2016 ጀምሮ በከተማዋ ሥራ የጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለምክር ሊከፍል ይችል ይሆናል፤ የእንሰት ጓሮ አይከፍልም። አንድ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ እንሰትን ችላ ብሎ በገቢ አመልካቹ የላቀ ቢሆን፣ ያ ምን ዐይነት ልህቀት ይባላል?

በማሠልጠን ረገድ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው የኖርዌዩ ነው። ከ2013 ጀምሮ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ አርባ ምንጭና ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲዎች ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሕዝብ ጤና ትምህርት ተሳሰሩ፤ ዓላማውም የሴቶችን የከፍተኛ ትምህርት ተሳትፎ ማሳደግንና በአገር ውስጥ የዶክተርነት ትምህርት ማቋቋምን የያዘ ነበር። የጥናቱ ርእሶችም ከዚያው ከአካባቢው የተቀዱ ናቸው፤ በሲዳማ የእናቶች ሞት አንዱ ነው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ልዩነት አለ። አሥር ኢትዮጵያውያን በርገን ሄደው አሥር ማዕርግ ይዘው ቢመለሱ ቍጥሩ አሥር ነው፤ አሥሩ ሐዋሳ ሆነው፣ በሐዋሳ መምህራን እየተመሩ፣ የሐዋሳም ስም ያለበት ማዕርግ ቢቀበሉ ቍጥሩ ያው አሥር ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ጊዜ ከአሥሩ ሰዎች ሌላ አንድ ነገር ተፈጥሮአል፤ ይኸውም አሥራ አንደኛውን ያለ ባዕድ ርዳታ ለማሠልጠን የሚችል ተቋም ነው። ተመራቂ የሚቈጥር መለኪያ ይህን ልዩነት አያይም። የኖርዌዩ ፕሮግራም ያየው በመለኪያው ብልጫ ሳይሆን ከመጀመሪያው በዓላማው ስለ ጻፈው ነው።

የተመራቂው መድረሻ ደግሞ ሌላው ዕውር ቦታ ነው። ማዕርጉ በተሰጠ ቀን ቍጥሩ ይመዘገባል፤ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ውጭ ቢሄድ፣ ወደ መንግሥት ቢሮ ቢዛወር ወይም ወንበሩ ላይ ቢጸና መዝገቡ አይለወጥም። አገር ጥሎ መሄዱ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ለማለት አይደለም፤ ርቀው ሄደው ተማሪ የሚያሠለጥኑና መጽሐፍ የሚልኩ አሉ። ሆኖም ገንዘቡ የወጣው ለአንድ ተቋም ማጠናከሪያ ከሆነ፣ ሰዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንዳሉ አለመጠየቅ ስፌቱን ሳያዩ ልብሱን መግዛት ነው።

የካናዳው የጥራጥሬ ፕሮጄክት በተቃራኒው ገበሬውን ቈጥሮአል፤ ይህም ከፍ ያለ ብልጫው ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከሳስካቸዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሽምብራና በቦሎቄ ላይ ሲሠራ፣ ሽምብራው ዋናው ሰብል ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት እንዲዘራ፣ ሕፃናትና እናቶችም ጥራጥሬውን በምግባቸው እንዲጨምሩ ተሞክሮአል። ሥራው እርሻንና ሥነ ምግብን ማገናኘቱ የሚደነቅ ነው። በመለኪያው ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ሐዋሳ ዱሜ የተባለውን ቀይ ቦሎቄ የለቀቀው የሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ዘሩን የሚያባዙት የገበሬ ማኅበራት፣ የሚያዳርሱት የግብርና ቢሮ ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ አንድ ገበሬ ቦሎቄውን ዘርቶ ቢጠቀም፣ ይህ ገበሬ የማን ውጤት ነው? ሁሉም «የእኔ ነው» ብሎ በየሪፖርቱ ሊጽፈው ይችላል፤ ያም ቢሆን ማንም አልዋሸም። በምግብ ረገድ አብሮ መብላት ደስ ይላል፤ በቈጠራ ረገድ ግን አንዱን ገበሬ አራት ጊዜ መብላት ይሆናል። ለጋሾች የየራሳቸውን ድርሻ ለይቶ የማሳየት ግዴታ እስካለባቸው ድረስ ይህ አይቀሬ ነው። መድኃኒቱም ድርሻን ለይቶ ለማሳየት ከመድከም ይልቅ በአንድ ወረዳ የተደረገውን ሁሉ አንድ ላይ አይቶ መመዘን ይመስላል፤ ለዚህ ደግሞ ለጋሾቹ ተሰብስበው በአንድ መዝገብ ለመጻፍ መስማማት አለባቸው፤ ይህም እስከ ዛሬ ከሁሉ የከበደው ነገር ሆኖ ይታያል።

ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ሰው ላይ መጫን ደግሞ አይገባም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን የምርምር፣ የተግባርና የአጠቃላይ ብሎ ሲለያቸው ሐዋሳ ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተመድቦአል። ክብሩ የሚገባው ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህር ዕድገት ሲወሰን ሚዛን የሚደፋው አሁንም የታተመ ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የተጻፈ ጥናት፣ የተሰበሰበ ቃላዊ ትውፊት፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምክር ከኋላ ይመጣል። የማስተርስ ድርሳናት በየቤተ መጻሕፍቱ ተከማችተው አቧራ ይለብሳሉ፤ ሌላ ተማሪ ሳያውቅ ያንኑ ርእስ እንደገና ያጠናል። ይህን ያዘዘ ባንክ የለም። ፊቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ዘመን መለወጫውን ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቶዎች ዕውቀት በዓለም ፊት ተመሰገነ፤ ያንን ዕውቀት ጠንቅቆ የሚጽፍ ወጣት መምህር ግን በዕድገት ኮሚቴው ዘንድ ምን ነጥብ ያገኛል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያስደስት አይሆንም።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ሕዝብ ማኅበር ከ1953 እስከ 1961 ያሳተመው መጽሔት፣ ተማሪዎች ወደ ትውልድ አገራቸው እየሄዱ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ቀብር፣ ስለ ዕርቅና ስለ እርሻ ልማድ የጻፉዋቸውን አጫጭር ጥናቶች የያዘ ነበር። ትልቅ ገንዘብ አልወጣበትም፤ ፈረንጅ ገምጋሚ አላጸደቀውም፤ በዛሬው አመልካች አንድ ነጥብ አያገኝም። ከ40 ዓመት በኋላ በ2002 እንደገና መታተሙ ግን አጥኚዎች አሁንም ሳይፈልጉት እንዳልቀሩ ያሳያል። በእነዚያ ገጾች የተጻፉት ልማዶች ከፊሎቹ ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው አፍ የሚገኙ አይደሉም።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ረቂቅ ፍልስፍና አይፈልግም። የአምስት ዓመቱ ቍጥር ይቀመጥ፤ ለገንዘቡ ጥበቃ ያስፈልጋል። ከዚያ ጐን ግን ከፕሮጄክቱ በጀት ጥቂቱ ለቈይቶ መጐብኘት ይመደብ፤ ይኸውም ማዕከሉ ከተዘጋ ወይም ከተስፋፋ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ የቀረውን እንዲያይ ነው። ሐዋሳ ለዚህ ዝግጁ ናት። የወንዶ ገነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ምሩቃን ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ ቀርበዋል፤ ስማቸው በመዝገብ አለ፤ የሠሩባቸው ወረዳዎች ይታወቃሉ፤ የተከሉት ወይም የጠበቁት ደን በቦታው ይኑር ወይም ተቈርጦ ባሕር ዛፍ ይተካበት በዐይን ሊታይ ይችላል። የስዊድን ገንዘብ ምን አፈራ ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ መልስ የለም፤ ይህንንም ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ ቤት፣ ጥቂት ተማሪዎችና የአንድ የበጋ ወቅት የእግር መንገድ ነው። ተማሪዎቹ መንደሩ ሲደርሱ ስለ ደኑ የሚጠይቁዋቸው ሰዎች ዛፎቹ በማን ጊዜ እንደ ተተከሉ፣ ማን እንዳስቈረጣቸው፣ ማንስ ቈርጦ እንደ ሸጣቸው በስም ይነግሩዋቸዋል።